የፎቶው ገመና

አንሶላውን ከመሃል ወደ ጠርዝ እየተኮስኩ ነበር። ከጠርዝ ወደ መሃል ከተኮሱት ሽብሽቡ እየተገፋ መጥቶ መሃሉ ላይ ይሰበሰባል፤ ፎቶ ላይ ደግሞ ትንሿ መስመር ወንዝ አክላ ትወጣለች። እህቴ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቢጫዋን የሕፃን ኮፍያ ጡጫዋ ላይ አጥልቃ ቀስ እያለች ታዞራታለች። ተርፎ የቀረ ክር ስታገኝ በጥርሷ ትበጥሰዋለች።

«ውሃ ርጪበት እንጂ። ደረቁን ነው እንዴ የምትተኩሺው?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ረጭቻለሁ።»

«የት? የእኔ ጉልበት ላይ ነው የረጨሽው።»

ጉልበቷን አየሁት። እውነትም ረጥቧል።

ክፍላችን አንዲት ናት። በአንድ በኩል አልጋው፣ በሌላው በኩል የእህቴ የስፌት መኪና፣ በመካከላቸው ሰው ጎኑን አዙሮ የሚያልፍባት ቀጭን መተላለፊያ። ምድጃው ከመጋረጃ ጀርባ ነው። ጠዋት ግን ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አልጋው ላይ የምታርፍበት ጊዜ አለ፤ የማዶው ሕንፃ ጥላ መጥቶ እስኪሸፍናት ድረስ። ያን ጊዜ ትራሶቹን መኪናው ላይ፣ ብርድ ልብሱን ወንበሩ ላይ እንቆልልና ነጩን አንሶላ እንዘረጋለን። ከቤት ስወጣ እናቴ አጣጥፋ ሻንጣዬ ውስጥ የከተተችልኝ አንሶላ ነው። ለፎቶ የሚሆን ሌላ ነጭ ነገር የለንም። አንሶላው ሲዘረጋ አልጋው አልጋ መሆኑ ይቀርና የእህቴ ሱቅ ይሆናል።

ሱቅስ ነበራት። ባለ መስታወት፣ በሩ ሰማያዊ የተቀባ። እናታችን የምትኖረው ሌላ ከተማ ስለሆነ ሱቁን በዓይኗ አላየችውም። ግን ዕድሜዋን በሙሉ የሆስፒታል አንሶላና የሐኪም ጋውን የሰፋችበትን መኪና ለዚያ ሱቅ ብላ በአውቶቡስ ጭና ላከች፤ ለሰፈሩ ሰውም «ልጄ ሱቅ ከፈተች» እያለች አወራች። ከዚያ የሕንፃው ባለቤት ኪራዩን እጥፍ አደረገው። እህቴ የቻለችውን ያህል ታገለች፤ አልሆነም። አንድ ከሰዓት በኋላ መኪናውን በጋሪ አስጭና እኔ ዘንድ መጣች። መኪናውን ገፍተን ካስገባን በኋላ በሩ ላይ እንደቆመች «ለእማዬ እንዳትነግሪያት» አለችኝ። እኔም «እሺ» አልኳት። እጇ በጋሪው ገመድ ተልጦ ስለነበር ሌላ ነገር ለማለት አፍ አልነበረኝም።

እኔ የምሠራው ፎቶ ቤት ነው። አሁን አሁን ከመታወቂያ ፎቶ ይልቅ የሚያበላን በስልክ የሚሸጡ ሰዎች ዕቃ ነው፤ ጫማ፣ ድስት፣ መጋረጃ፣ የሙሽራ ልብስ። ቤታቸው ሆነው ያነሱትን ይልኩልናል። እኛ የተንጋደደውን እናቀናለን፣ ከጀርባ የሚታየውን ኮተት እንቆርጣለን፣ ቀለሙን እናስተካክላለን። ቀለም ላይ ቀልድ የለም። ፎቶው ላይ ቀይ የነበረ ጫማ ደንበኛው እጅ ሲገባ ቡናማ ከሆነ ተመልሶ ይመጣል።

መጨረሻ ላይ ገመናውን እናወጣለን። ስልክ ፎቶ ሲያነሳ ሥዕሉን ብቻ አይደለም የሚይዘው። የት እንደተነሳ፣ መቼ እንደተነሳ፣ በየትኛው ስልክ እንደተነሳ ከሥዕሉ ጋር ጽፎ ያስቀምጣል፤ ላይ ላዩን አይታይም፣ ፈልጎ የሚከፍት ግን ያገኘዋል። ሜታዳታ ይባላል። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ፍላሽ ግን ገመና ነው የሚለው። አንዲት ደንበኛችን የቤት ዕቃዋን ስትሸጥ ፎቶውን እንዳለ ልካ፣ አንድ ገዢ ዋጋ ሊከራከራት እቤቷ ድረስ መጥቶ በፒጃማ አግኝቷታል። ጋሽ ፍላሽ ይህንን ታሪክ ሲያወራ ፒጃማው በየጊዜው ቀለሙን ይቀይራል።

«አቧራ፣ ገመናውን አወጣሽለት?» ይለኛል ሁልጊዜ፣ ፎቶ ከመላኬ በፊት። አቧራ የሚለኝ ማንም ያላያትን ብናኝ ስለማይ ነው። የአንድ ድስት ክዳን ላይ የነበረች የዝንብ እግር አይቼ ካጠፋሁበት ቀን ጀምሮ በሌላ ስም ጠርቶኝ አያውቅም።

ለእህቴ ደግሞ ከሥራ ስመለስ እሠራላታለሁ። የአልጋውን ጠርዝ እቆርጣለሁ። የመኪናውን ጥላ አጠፋለሁ። ኮፍያውን ቀጥ አድርጋ የያዘችበት እጇ ከገባ እጇን አወጣለሁ። ከዚያ ቢጫው እውነተኛው ቢጫ እስኪሆን ኮፍያውን ከስክሪኑ አጠገብ ይዤ አስተያያለሁ። በመጨረሻ ቦታውን፣ ቀኑን፣ የስልኬን ስም እሰርዛለሁ። ገዢዎቿ በአንዲት ክፍል ውስጥ አልጋ ላይ የተነሳ መሆኑን ማወቅ የለባቸውም። ከገዢዎቿ ሁሉ በላይ ደግሞ እማዬ።

ያን ጠዋት አንሶላውን ልጨርስ ስል የእህቴ ስልክ ጠራ።

«እማዬ ናት። ስፒከሩን ክፈቺው፣ እጄ ተይዟል» አለች። ካውያውን እንደያዝኩ በሌላ እጄ ከፈትኩት።

«ደህና አደርሽ የኔ እመቤት? ሱቅ ገባሽ?»

እህቴ ግድግዳውን አየች። «አሁን መክፈቴ ነው እማዬ።»

«ደንበኛ አለ?»

«አንዲት አለች። ዝም ብላ እያየች ነው» አለች፣ እኔን እያየች።

«አጫውቻት እንጂ። ዝም ብላ ካየች ዝም ብላ ትወጣለች።» የእማዬ ድምፅ ወደ ስልኩ ተጠጋ። «የትናንቱን አየሁት። ተከራይዋ አሳየችኝ።» ተከራይዋ እማዬ ቤት አንዱን ክፍል ተከራይታ የምትኖር የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናት፤ ከሥራ ስትመለስ የእህቴን ገጽ ከፍታ ስልኳን ለእማዬ ትሰጣታለች። «የአረንጓዴው ቱታ ሁለተኛው ቁልፍ ወደ ግራ ሸሽቷል።»

«አልሸሸም።»

«በሁለት ጣቴ ገፋ ገፋ አድርጌ አስፍቼ ነው ያየሁት። ሸሽቷል።»

እህቴ አረንጓዴውን ቱታ ከቁልሉ ውስጥ ጎትታ አወጣችና ቁልፉን አየችው። ከዚያ ምላሷን አወጣችልኝ፤ ሸሽቷል ማለት ነው። ሳቄን ዋጥኩ።

«አንድ ነገር ልለምንሽ» አለች እማዬ። «ልብስ ልብሱን ብቻ ነው የማየው። የሱቁን ፎቶ ላኪልኝ። አንቺ ውስጡ ሆነሽ።»

ኮሪደሩ ላይ ጎረቤት ባልዲ ጣለ። ውሃ ሲፈስና ሰው ሲራገም ተሰማ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«መንገድ ላይ ነው እማዬ። ሰው ዕቃ ወደቀበት።»

«ሱቅሽ ውስጥ የወደቀ ነው የሚመስለው።»

«በሩ ክፍት ስለሆነ ነው።»

«እሺ። ፎቶውን ሲመችሽ ላኪልኝ። ካልተመቸሽም ተዪው፣ እኔ ማየት ስለናፈቀኝ ነው።» ስልኩ ውስጥ የሰፈሩ ዶሮ ጮኸ። «ናፈቃችሁኝ» አለችና ዘጋች።

የሸተተኝ ያን ጊዜ ነው። ካውያው እጄ ውስጥ ነበር፤ ግን አንሶላው ላይ ቆሟል። ሳነሳው በጠርዙ በኩል የአውራ ጣት ያህል ቡናማ ሆኗል። በጥፍሬ ነካ ሳደርገው ቀዳዳ ሆነ።

እህቴ ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። ጠርዙን ከፍራሹ ሥር አጠፈችና በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። «ከዚህ በኩል አይታይም» አለች። «ነይ አንሺ፣ ፀሐይዋ እየሄደች ነው።»

ያን ቀን ከሥራ ስመለስ እህቴ የስፌቱን ወንበር ወደ እኔ አዙራ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ያ ሱቁ የተከፈተ ቀን ያነሳሽኝ ፎቶ አለሽ አይደል?»

አለኝ። ሰማያዊው በር ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ መስታወቱ ገና ባዶ ነው።

«የአሁኖቹን ልብሶች መስታወቱ ውስጥ አስገቢያቸው። ቀኑን ደግሞ አጥፊልኝ። ያን ገመናውን።»

«እታለም፣ እንንገራትና ይውጣልን» አልኳት።

«ነግረናት ምን እንደምትል ታውቂያለሽ?»

«ነይ ወደ ቤት ትላለች።»

«አዎ። እሱ ነው ችግሩ።» ሜትሩን አንገቷ ላይ ጠመጠመችው፣ ፈታችው። «ካለችኝ እሄዳለሁ ሚጣ። እማዬን እምቢ ማለት አልችልበትም። እሄድና መኪናዋን መልሼ ያው ቦታው ላይ አስቀምጣለሁ። ከዚያ ሰፈሩ እየመጣ ሱቁስ እያለ ይጠይቃታል። እሷ እኔን ላለማሳፈር ትዋሻለች። እማዬ ስትዋሽ አይተሽ ታውቂያለሽ? ጆሮዋ ነው የሚቀላው።»

«አንቺ ስትዋሺ ነው ጆሮሽ የሚቀላው።»

«እሱን ከማን አመጣሁት ታዲያ?» አለች። አልሳቀችም ግን። «ቀን ሙሉ የማታውቂያትን ሴት ጫማ ስታሳምሪ ትውያለሽ። ይቺን አንዷን ለእኔ ሥሪልኝ።»

ሠራሁላት። ቢጫዋን ኮፍያ መስታወቱ ውስጥ ሰቀልኳት፣ አረንጓዴውን ቱታ ከጎኗ። በክፍላችን ብርሃኑ ከግራ ነው የሚመጣው፤ በሱቁ ፎቶ ላይ ከቀኝ ስለሆነ ጥላዎቹን አንድ በአንድ አዛወርኳቸው። ቁልፉን እግረ መንገዴን ወደ ቦታው መለስኩት። ጋሽ ፍላሽ ቢያየው ሻይ ይጋብዘኝ ነበር።

ግን በሩ ላይ ቆማ የምትስቀው እህቴ ከጎኔ ተቀምጣ ከምታየው እህቴ ጋር አልገጠመችልኝም። በሩ ላይ ያለችው ጉንጯ ሞላ ያለ ነው። ትከሻዋም።

«ቀጥኛለሁ እንዴ?» አለች፣ ያየሁትን አይታ።

«ትንሽ።»

«ፊቴን አትንኪው። እንደሱ ወፍሬ ትየኝ።»

ቀኑን ሰረዝኩ። ቦታውን ሰረዝኩ። ላከችው። እማዬ በድምፅ መለሰች፤ «ቆንጆ ነው። እግዜር ይባርክልሽ።» ሌላ ምንም የለውም። ስለ መስታወቱ ንጽህና፣ ስለ በሩ ቀለም፣ ስለ ኮፍያው አሰቃቀል አንዲት ቃል አልተናገረችም። እህቴ መልእክቱን ደግማ አዳመጠችው። ከዚያ መኪናው ፊት ተቀመጠችና መርፌው ላይ ክር ሳታስገባ ብዙ ቆየች።

በማግስቱ ፎቶ ቤት ሆኜ የአንድ መጥበሻ እጀታ ሳጸዳ ስልኬ ጠራ። እማዬ በሥራ ሰዓት ደውላልኝ አታውቅም።

«ምን ሆንሽ እማዬ?»

«ምንም አልሆንኩ። ብቻሽን ነሽ?»

«ጋሽ ፍላሽ አለ።»

«እሱ ይስማ፣ ምን አለበት። ያን ፎቶ አንቺ ነሽ አይደል የሠራሽው?»

መጥበሻው ስክሪኑ ላይ ያበራል።

«እጅሽ ጥሩ ነው» አለች። «ጥላው ሁሉ ልክ ነው። እስቲ ንገሪኝ፣ አንሶላዬን በምንድን ነው የምታጥቢው? ነጣ ብሏል።»

«የቱን አንሶላ?»

«የሰጠሁሽን ነዋ። የእህትሽ ልብስ ሁሉ የሚተኛበትን።»

«ነጭ አንሶላ ሁሉ ይመሳሰላል እማዬ» አልኳት፤ የራሴ ጆሮ ሲሞቀኝ ተሰማኝ።

«እኔ ያጠላለፍኩትን ክር አላውቀውም? ያቺ ድሮ ካውያ ያቃጠላት ቦታ። ከኮፍያው ግርጌ ዝቅ ብላ ትታያለች። ከመጀመሪያው ፎቶ ጀምሮ ነው የማያት።»

መጥበሻውን ዘግቼ የእህቴን ፎቶ ከፈትኩ። አሰፋሁት። ከቢጫው ኮፍያ ሥር፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ የተጠገነችው ቦታ አለች፤ ክሩ ወዲያና ወዲህ ተጠላልፎ እንደ ሰሌን የተሠራች፣ ከአንሶላው ጥቂት የደፈረሰች። ሌላውን ከፈትኩ። አለች። ሌላውንም። የኮፍያውን ብናኝ ሁሉ ለቅሜ፣ የዝንብ እግር የምታህል ነገር ሳልተው፣ እሷን አላየኋትም። ልጅ ሆኜ ስተኛ ጣቴን እያሻሸሁባት ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። ለእኔ አንሶላ ማለት ሲፈጠርም እሷ ያለችበት ነበር።

«ለሚጣ የሰጠሁት አንሶላ እዚያ ሱቅ ምን ይሠራል ብዬ አሰብኩ» አለች እማዬ። «ተውሳት ይሆናል አልኩ። በየቀኑ ሲሆን ገባኝ። ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ? መጀመሪያ ደስ አለኝ። አብራችሁ ናችሁ ማለት ነው።»

«ታዲያ የሱቁን ፎቶ ለምን ጠየቅሻት?»

«እንድትነግረኝ ነዋ። በሩን ገፋ አድርጌላት ነበር። እሷ ሌላ በር ልካልኝ ቁጭ አለች።»

ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ ስስቅ ዓይኔ ሞላ።

«ልንገራት?» አልኳት።

«እንዳትነግሪያት። እማዬ አውቃለች ከተባለች ታፍራለች፤ ካፈረች ደግሞ ስልክ ማንሳት ትተዋለች። ራሷ ትንገረኝ።»

«እሷ ለአንቺ አትንገሪ ትለኛለች፣ አንቺ ለእሷ አትንገሪ ትይኛለሽ። እኔ ምን ላድርግ?»

«እኔ ምን አውቄ። ባለ ፎቶዋ አንቺ ነሽ።» ልትዘጋ ብላ ተመለሰች። «ደግሞ አንሶላው በአንድ በኩል አጥሯል። አቃጠላችሁት አይደል?»

ስልኩን ሳስቀምጥ ጋሽ ፍላሽ ጀርባውን ሰጥቶኝ ንጹሑን ሌንስ ይወለውላል።

«አቧራ» አለ ሳይዞር። «ይሄን ገመና በየትኛው ፕሮግራም ነው የሚያወጡት?»

«አላውቅም ጋሽዬ።»

«እኔም አላውቅም። መጥበሻውን ለእኔ ተዪውና ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ክፍላችን ስደርስ የማዶው ሕንፃ ጥላ ገብቶ ነበር፤ ገና ግን አልመሸም። እህቴ የአረንጓዴውን ቱታ ቁልፍ ፈትታ እንደገና እየተከለች ነው። ላፕቶፑን አልጋው ላይ ከፈትኩ። መንገድ ላይ ያሰብኩት ብዙ ነገር ነበር፣ አንዱም አፌ ላይ አልመጣም። የማውቀውን ብቻ አደረግሁ፤ ፎቶውን ከፍቼ አሰፋሁት።

«እታለም፣ ነይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይቺን ቦታ ላጥፋት ወይስ ልተዋት?»

መጣች። ጎንበስ ብላ አየች። «ምንድን ናት? ቆሻሻ ናት?»

«ስፌት ናት።»

ጣቷን ስክሪኑ ላይ አደረገች። ከዚያ ስክሪኑን ትታ ብርድ ልብሱን ገለጠችና አንሶላው ላይ በመዳፏ ፈለገቻት። አገኘቻት። ጎንበስ እንዳለች ቀረች።

«ይቺን እኮ እኔ ነኝ ያቃጠልኳት» አለች።

«መቼ?»

«አንቺ ገና በእግርሽ አትሄጂም ነበር። እማዬ ካውያ እንዳልነካ ከልክላኝ ሥራ ሄደች። ላግዛት ብዬ ነው። አቃጠልኩትና የተቃጠለውን ወደ ውስጥ አጥፌ ሳጥኑ ሥር ቀበርኩት። ከሌላው ልብስ ሁሉ ሥር።» በጣቷ ክሩን ወዲያና ወዲህ ዳሰሰችው። «እማዬ ያንን ሳጥን በከፈተች ቁጥር ወደ ደጅ እሮጥ ነበር። አንድ ቀን አውጥቼ ልየው ስል ቀዳዳው የለም። ተደፍኗል። ታጥፎ ያው እኔ ያስቀመጥኩበት ቦታ ተቀምጧል።»

«ምንም አላለችሽም?»

«ምንም። እኔም አላልኳት። እስከ ዛሬ።»

ኮሪደሩ ላይ ሰው ፎጣ እያራገፈ አለፈ።

«በሁሉም ፎቶ ላይ አለች?» አለችኝ።

«በሁሉም።»

«እሷ ደግሞ አስፍታ ነው የምታየው።»

«አዎ።»

«የቁልፍ መሸሽ የምታይ ሴትዮ…» አልጨረሰችውም። አልጋው ላይ ተቀመጠች። ጆሮዋ ቀልቷል። «ነገረችሽ እንዴ?»

«እኔ ላጥፋት ወይስ ልተዋት ነው ያልኩሽ።»

አየችኝ። በአፍንጫዋ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረባትና አልጋው ላይ በነበረው ኮፍያ ዓይኗን ጠረገች፣ ከዚያ የሚሸጥ ኮፍያ መሆኑ ትዝ ሲላት ደንግጣ አየችው። «አንቺ ደግሞ። ሞኝ መስለሽ…» አለች።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ተዪያት።»

ተነስታ ፀጉሯን በእጇ ወደ ኋላ አስተኛችና መኪናው ጀርባ ተቀመጠች። «ስልክሽን አምጪ። አንሺኝ።»

ትራሱን ከመኪናው ላይ ላነሳ እጄን ሰደድኩ።

«ተዪው። ትራሱም ይታይ። መጋረጃውም።»

«ብርሃን የለም እኮ። ነገ ጠዋት—»

«ነገ ጠዋት ይሄን ወኔ አታገኚብኝም። አሁን አንሺ።»

አነሳኋት። ፎቶው ደብዘዝ ያለ ነው። ትራሱ፣ የምድጃው መጋረጃ፣ አልጋው ላይ የተከፈተው ላፕቶፕ፣ የአልጋው ጫፍ ላይ የተቆለለው ልብስ፣ ሁሉም ገብቷል። መሃል ላይ እህቴ አለች፤ ቀጥናለች፣ እጇ መኪናው ላይ ነው። እጄ ለምዶበት ጠርዙን ሊቆርጥ ሄደ።

«እንዳለ» አለች።

«ገመናውስ?»

ጥቂት አሰበች። «እሱም አብሮ ይሂድ። ልትመጣ ከፈለገች መንገዱን ታገኘዋለች።»

እንዲህ ዓይነት ነገር ልኬ አላውቅም። እንደ ፎቶ ቢላክ መተግበሪያው ራሱ ገመናውን ስለሚያስቀረው እንደ ፋይል ላክሁት፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የስልኬ ስም፣ ቤታችን ካርታ ላይ ያለችበት ነጥብ፣ ሁሉም እንዳለ። ከሥሩ እህቴ ራሷ ጻፈች። «እማዬ፣ ሱቁ ይሄ ነው።»

ከዚያ መልስ እስኪመጣ ሁለታችንም ስልኩን ላለማየት ሥራ ፈለግን። እኔ ላፕቶፑን ጠረግሁ። እሷ መሬት የወደቁ ቁልፎችን ለቀመች። ስልኩ ድምፅ ሲያሰማ ቁልፎቹ ከእጇ ተመልሰው ወደቁ።

የድምፅ መልእክት ነው።

«ትራሱን ከመኪናው ላይ አንሱት። ዘይት ይነካዋል።»

እህቴ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሁለተኛው ተከተለ።

«ቀጥነሻል። ሱቁ ጥሩ ነው፣ ጠባብ ነው ግን መስኮት አለው። ተከራይዋ መንገዱን አሳይታኛለች፤ ከመናኸሪያው በእግር የሚኬድ ነው አለችኝ። እመጣለሁ። ልወስድሽ አይደለም፣ አትደንግጪ። መኪናው ዘይት ከተቀባ ስለቆየ ልቀባው ነው። ድምፁ በስልክ ሲሰማ ደርቋል።»

ሦስተኛው አጭር ነበር። «ያን ያቃጠላችሁትን ቦታ ሳይሰፋ ድፈኑት። በድፍን ነጭ እንዳይሆን፣ ያፈጣል። ወተት በሚመስለው።»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። «ይህንንም አይታዋለች?»

«አጥሯል ብላኛለች።»

«ከፍራሹ ሥር አጥፌው?»

«ከፍራሹ ሥር አጥፈሽው።»

ትራሱን ከመኪናው ላይ አነሳችና ሰጠችኝ። የክር ሳጥኗን ከፍታ ነጩን አወጣች፣ መለሰችው፣ ወተት የሚመስለውን አወጣች። አንሶላውን ከአልጋው ላይ ገፍፋ የተቃጠለውን ጠርዝ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ሁለተኛው ቁልፍ ገና ስላልተተከለ አረንጓዴውን ቱታ ለእኔ አቀበለችኝ፤ እኔም ተከልኩት፣ ወደ ግራ እንዳይሸሽ እየለካሁ። እሷ መጀመሪያ ክሩን ወደ ታች ወደ ታች ደረደረች፣ ቀጥሎ በመካከላቸው እያሾለከች አንዱን ከላይ አንዱን ከታች አሳለፈች። አንዳንዴ ቆም ብላ የእማዬን ስፌት ገልጣ ታያለች፣ ተመልሳ ትቀጥላለች።

ስትጨርስ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። በጣቷ ዳበሰችው፣ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ በቀረው ብርሃን አየችው። ከዚያ አንሶላውን አራት አድርጋ አጣጥፋ፣ ሁለቱ ስፌቶች ከላይ ሆነው፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።